የስደተኛ ዘማሪ ወፍን የረጅም ዓመታት የቁጥር አዝማሚያ መገምገም፦ ከሜዳ ቆጠራ እስከ ውጤት

የቆጠራ ቅጹ ላይ የሰፈረው ቁጥር የወፎቹ ቁጥር አይደለም፤ ቆጣሪው በዚያ ጠዋት ያየውና የሰማው ብቻ ነው። ወፎቹ ሳይቀንሱ ቁጥሩ ሊቀንስ ይችላል፦ ቆጣሪው ተቀይሮ፣ ሰዓቱ ረፍዶ፣ ነፋስ ነፍሶ ወይም ቁጥቋጦው አድጎ። ብዙ ግምገማዎች ከንቱ የሚቀሩት ይህን ዘንግተው የመጀመሪያውን ዓመት ድምር ከመጨረሻው ዓመት ድምር ጋር ስለሚያነጻጽሩ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይሥሩ፤ ደረጃ 5 እና 6 ላይ ግን በተለይ አይቸኩሉ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ሜዳ ከመውጣትዎ በፊት አራት ነገር ይወስኑ፦ የትኛው ዝርያ፣ የትኛው አካባቢ፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወቅት።

ለስደተኛ ወፍ ከአራቱ የሚከብደው ወቅቱ ነው። የሚቻል ከሆነ በመራቢያ ቦታው፣ ወንዶቹ ክልላቸውን ይዘው በሚዘምሩበት ሰሞን ይቁጠሩ። ያን ጊዜ ወፏ ቦታ ላይ ትረጋለች፣ ድምፅዋም ያለችበትን ይናገራል። በጉዞ ማረፊያ ላይ የሚደረግ ቆጠራ ከወፉ ብዛት ይልቅ የአየሩን ጠባይ ይከተላል፤ ነፋሱ ከተስማማ መንጋው ሳያርፍ ያልፋል፣ ከተቃወመ ደግሞ ለቀናት ይቆያል።

የዓመታቱ ርዝመት ቢያንስ 10 ይሁን። ከዚያ ያነሰ መረጃ የሚያሳየው የዓመት ውጣ ውረድን ነው። ምን ያህል ለውጥ መለየት እንደሚፈልጉም አስቀድመው ይጻፉ። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ አንድ ዝርያ በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ (ከሁለቱ በሚረዝመው) 30 በመቶ ከቀነሰ «ለአደጋ ተጋላጭ» ሊባል ይችላል። ይህ በ10 ዓመት ሲሰላ በዓመት 3.5 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ያህል ለውጥ መለየት የማይችል ዕቅድ ከወዲሁ ይስተካከል።

ደረጃ 2፦ የመቁጠሪያ ቦታዎችን በዕጣ ይምረጡ

1. አካባቢውን 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ይከፋፍሉ።
2. አራት ማዕዘኖቹን በመኖሪያ ዓይነት ይመድቡ፦ ደን፣ ቁጥቋጦ፣ እርሻ፣ ረግረግ።
3. ከየምድቡ በዕጣ ያውጡ። ተጠባባቂ ዝርዝርም በዚያው ዕጣ ያዘጋጁ።
4. ወፉ ያልተገኘበትን ቦታ ከዝርዝሩ አያውጡ። ዜሮ የሚመዘገብበት ቦታ ነገ ወፍ ሊገባበት ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ወፉ የሚበዛበትን ቦታ እናውቃለን» ብለው እዚያ ብቻ አይቁጠሩ። በጥሩ ዘመኑ የተመረጠ ቦታ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በአብዛኛው ቁልቁል ነው። ለጋ ቁጥቋጦ የሚወድ ዝርያ ቁጥቋጦው ዛፍ ሲሆን ቦታውን ለቅቆ አዲስ ወደተመነጠረው ይሄዳል። እርስዎ ግን አሮጌው ቦታ ላይ ቆመው «ወፉ ጠፋ» ብለው ይመዘግባሉ።

ቦታው መድረሻ ከሌለው ከተጠባባቂው ዝርዝር ቀጣዩን ይውሰዱ፤ በአጠገቡ ያለውን ቀላሉን አይውሰዱ። መንገድ ዳር ብቻ መቁጠርም የራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረው የሰሜን አሜሪካ የመራቢያ ወፎች ቆጠራ 39 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የመኪና መንገድ ላይ 50 ጊዜ እየቆሙ በእያንዳንዱ ለ3 ደቂቃ የሚቆጠርበት ነው። እጅግ ሰፊ አገር ለመሸፈን ያስቻለው ይህ ቢሆንም፣ ውጤቱ መንገድ ስለማይደርስበት ጥልቅ ደን ብዙ አይነግረንም። እርስዎም መንገድ ዳር ከቆጠሩ ውጤቱን ከመንገድ ዳር አያሳልፉት።

ስንት ቦታ ይበቃል? የብሪታንያው የመራቢያ ወፎች ቆጠራ ለአገር አቀፍ አዝማሚያ የሚጠቀምበት ገደብ በአማካይ በዓመት 40 አራት ማዕዘን ላይ የተገኘ ዝርያ ነው። ይህን እንደ ዝቅተኛ ልክ ይያዙት። ጉልበትዎ ውስን ከሆነ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ከመጎብኘት ተጨማሪ ቦታ መክፈት ይሻላል።

ደረጃ 3፦ የአቆጣጠር ደንቡን ይቆልፉ

ደንቡ ፍጹም ባይሆንም ይሁን፤ በየዓመቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ይበልጣል። የሚከተሉትን በጽሑፍ ያስፍሩ፦

- ዘዴ፦ ቋሚ ነጥብ ወይም የእግር መስመር። ጥቅጥቅ ባለ ደን ነጥብ፣ ክፍት በሆነ መሬት መስመር ይቀላል።
- ርቀት፦ ነጥቦቹ ቢያንስ 200 ሜትር ይራራቁ፤ ድምፅ ሩቅ በሚሰማበት ሜዳ ላይ ከዚያም በላይ።
- ጊዜ፦ በነጥብ 5 ደቂቃ። 10 ደቂቃ ብዙ ወፍ ያስመዘግባል፤ ነገር ግን ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ወፍ ሁለቴ የመቆጠር ዕድሉም ያድጋል።
- ሰዓት፦ ከንጋት ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ያህል ባለው ጊዜ ውስጥ። ነጥቦቹን በየዓመቱ በዚያው ቅደም ተከተል ያዳርሱ።
- አየር፦ ዝናብ፣ ጭጋግ ወይም ትንንሽ ቅርንጫፎችን የሚያወዛውዝ ነፋስ ካለ አይቁጠሩ።
- ጉብኝት፦ በመራቢያ ወቅት ሁለቴ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሳምንት።
- የርቀት እርከን፦ 0–25፣ 25–50፣ 50–100 እና ከ100 ሜትር በላይ።
- የድምፅ ማጥመጃ፦ የተቀዳ ዝማሬ አጫውቶ ወፍ መጥራት ክልክል ነው። አንድ ዓመት ተጠርቶ በሌላው ካልተጠራ ቆጠራዎቹ አይነጻጸሩም።

መሣሪያው ቀላል ነው፦ ባለ 8 እጥፍ አቅራቢ መነጽር፣ ጂ ፒ ኤስ፣ ሰዓት፣ እርሳስ (ብዕር በጤዛ ይፈርሳል) እና የርቀት መለኪያ። ቆጣሪዎቹን ከወቅቱ በፊት አንድ ላይ አውጥተው በዛፍና በድንጋይ ላይ ርቀት ያስገምቱና በመለኪያው ያርሙ። በዓይን የሚገመት ርቀት በልምምድ ይስተካከላል፤ በድምፅ ብቻ የሚገመተው ግን እስከ መጨረሻው ሻካራ ነው። እርከኖቹ ሰፋ ያሉት ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ሜዳ ላይ ይቁጠሩ

1. ነጥቡ ላይ ሲደርሱ 1–2 ደቂቃ ዝም ብለው ይቁሙ። እርምጃዎ ያስደነገጠው ወፍ ይረጋጋ።
2. ሰዓት ይያዙ። ቀን፣ የመነሻ ሰዓት፣ ነፋስ፣ ደመና እና የቆጣሪ መለያ መጀመሪያ ይጻፉ።
3. እያንዳንዱን ወፍ መጀመሪያ በታየበት ወይም በተሰማበት እርከን አንዴ ብቻ ይመዝግቡ። በዝማሬ፣ በጥሪ ወይስ በዓይን እንደተገኘ በምልክት ያክሉ።
4. ሳያርፍ በላይ የሚያልፈውን ለብቻ ይጻፉ።
5. ጊዜው ሲያልቅ ያቁሙ። ከ5ኛው ደቂቃ በኋላ የመጣ ወፍ የቱንም ያህል ቢያጓጓ ቆጠራው ውስጥ አይገባም።

የሚሳሳቱበት ቦታ

የመጀመሪያው ጉብኝት ወደ ሌላ አገር የሚያልፉ ተጓዦችን ሊይዝ ይችላል። ዘግይቶ ለሚደርስ ዝርያ የመጀመሪያውን ጉብኝት ከስሌቱ ያውጡ፤ በሁሉም ዓመት ግን። በአንዱ ዓመት አውጥቶ በሌላው መተው አዲስ ስህተት መፍጠር ነው።

ወፎቹ ከዓመታት በፊት ከነበረው ቀድመው እየደረሱ ከሆነ በቋሚ ቀን የሚደረግ ጉብኝት እየዘገየ ይሄዳል፤ የዝማሬው ጫፍ ካለፈ በኋላ ይቆጥራሉ። ስለዚህ የጉብኝት ቀን መቼም ቢሆን ይመዝገብ፤ ሞዴሉ ውስጥ ይገባል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በብዙ ዘማሪ ዝርያዎች ጥንድ ያላገኘ ወንድ ጥንድ ካገኘው ይልቅ አብዝቶ ይዘምራል። ሴቶቹ እየቀነሱ ያሉበት ቦታ ለጆሮ የደመቀ ሊመስል ይችላል። ሴት የታየችበትን፣ ምግብ ወይም የጎጆ ሣር በአፉ የያዘ ወፍ የተገኘበትን ማስታወሻ የሚያስይዘን ይህ ነው።

ቆጣሪ ሲቀየር

አዲስ ቆጣሪ በመጀመሪያ ዓመቱ ከቀጣዮቹ ዓመታት ያነሰ ወፍ መመዝገብ ይቀናዋል። ነባሩ ደግሞ ዕድሜው ሲገፋ ቀጭን ድምፅ መስማት ይከብደዋል። ሁለቱም የሐሰት አዝማሚያ ይሠራሉ። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የእያንዳንዱን ቆጣሪ መዝገብ በእርከን ይክፈሉ። በቅርብ ያሉት ሳይቀንሱ ከ50 ሜትር በላይ ያሉት ከዓመት ዓመት እየሳሱ ከሄዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጆሮው ነው። ቆጣሪ ሊቀየር ሲል ሁለቱ ቢያንስ አንድ ወቅት በተመሳሳይ ነጥቦች ላይ፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ይቁጠሩ። ከሰው ወደ ድምፅ መቅጃ መሣሪያ ሲሸጋገሩም ሁለቱን ጎን ለጎን ለጥቂት ዓመታት ያስኬዱ፤ አለዚያ መሣሪያው የገባበት ዓመት በግራፉ ላይ እንደ ገደል ወይም እንደ ተራራ ይታያል።

ደረጃ 5፦ ዜሮንና ባዶን ይለዩ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው፤ ከሁሉም በላይ ውጤት የሚያበላሸውም ይህ ነው።

«ዜሮ» ማለት ሄደን ቆጥረን አላገኘንም ማለት ነው። «ባዶ» ማለት አልቆጠርንም ማለት ነው። ሜዳ ላይ ሰው የሚጽፈው ያገኘውን ብቻ ስለሆነ ዜሮዎቹ ቅጹ ላይ የሉም። ስለዚህ፦

1. መጀመሪያ የጉብኝቶች ሠንጠረዥ ይሥሩ፦ እያንዳንዱ ቦታ፣ ዓመትና ጉብኝት አንድ መስመር፤ ወፍ ይኑርም አይኑርም።
2. የወፍ መዝገቡን ከዚህ ሠንጠረዥ ጋር ያገናኙ።
3. ጉብኝት ኖሮ ወፍ ከሌለ 0 ያስገቡ። ጉብኝት ከሌለ ሕዋሱ ባዶ ይቅር።
4. ለየቦታውና ለየዓመቱ ከሁለቱ ጉብኝቶች ትልቁን ቁጥር ይውሰዱ። አንድ ጉብኝት ብቻ የተደረገበትን ዓመት ምልክት ያድርጉበት፤ ከሁለት የሚወሰድ ትልቅ ቁጥር ከአንድ ከሚወሰደው ከፍ ማለቱ አይቀርም።
5. የተደጋገሙ መስመሮችን፣ የተለያየ አጻጻፍ ያላቸውን የዝርያ ስሞችና ከክልሉ ውጭ የወደቁ መጋጠሚያዎችን ያርሙ።
6. ያልተለመደ ትልቅ ቁጥር ሲያዩ ዋናውን ቅጽ ያውጡና ያመሳክሩ። 3 እና 30 የሚለያዩት በአንድ የጣት ስህተት ነው።

ጥሬውን ፋይል አይንኩ። እርማት ሁሉ በቅጂ ላይ፣ ምክንያቱ ተጽፎ ይሠራ።

ደረጃ 6፦ ሞዴሉን ያስሉ

ድምር ለምን እንደሚያሳስት በትንሽ ምሳሌ እንይ። ሁለት ቦታ፣ ሦስት ዓመት አለን፦

- ቦታ ሀ፦ 12፣ 9፣ 6
- ቦታ ለ፦ 40፣ አልተቆጠረም፣ 20

የየዓመቱ ድምር 52፣ 9፣ 26 ይሆናል። ይህን ያየ ሰው «ወፉ ተደመሰሰ፣ ከዚያም ሦስት እጥፍ አገገመ» ይላል። አሁን በቦታው ልክ እንየው። ቦታ ሀ በሁለተኛው ዓመት ከነበረው ሦስት አራተኛ ነው። ቦታ ለም በዚያው መጠን ቢሄድ 30 ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ድምሩ 52፣ 39፣ 26፤ ኢንዴክሱም (የመጀመሪያው ዓመት 100 ተብሎ ሲሰላ) 100፣ 75፣ 50። ማገገም የሚባል ነገር አልነበረም፤ በተከታታይ ግማሹ ጠፍቷል።

ሞዴሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ የሚጠበቀው ቁጥር የቦታው ልክ በዓመቱ ልክ ሲባዛ ነው።

1. ከቁጥሮቹ ጋር የሚስማማ የፖይሰን ሪግሬሽን (ለቆጠራ ቁጥሮች የተሠራ የስታቲስቲክስ ሞዴል) ይምረጡ፤ ቦታና ዓመት እንደ ምድብ ይግቡ። የአውሮፓ የወፍ ቆጠራዎች ለዚህ ትሪም የተባለውን ፕሮግራም ለረጅም ጊዜ ተጠቅመዋል፤ በነፃው የአር (R) የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋም «አርትሪም» በሚል ጥቅል ይገኛል።
2. ቆጣሪን፣ የቆጣሪውን የመጀመሪያ ዓመት እና የጉብኝት ቀንን ይጨምሩ። ትሪም ብዙ ተጨማሪ ተለዋዋጭ ስለማይመቸው እዚህ ላይ ወደ ተራው ሪግሬሽን ወይም ወደ ቅይጥ ሞዴል ይሻገሩ።
3. ብትነቱን ይፈትሹ። ቀሪው ዴቪየንስ (ሞዴሉ ያላብራራው ልዩነት) ለነፃነት ዲግሪው (ከመረጃው ብዛት ሞዴሉ የገመታቸው ልኮች ሲቀነሱ) ሲካፈል ከ1 በጣም ከበለጠ ቁጥሮቹ ፖይሰን ከሚፈቅደው በላይ ተበታትነዋል፤ ሰፊ ብትነትን የሚፈቅደውን ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ሞዴል ይጠቀሙ። ይህን ካለፉት የመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው ዋጋ ይገኝበታል የሚባለው ወሰን) ከእውነቱ የጠበበ ይሆንና የሌለ ለውጥ ያገኛሉ።
4. አዝማሚያው ቀጥ ያለ መስመር እንዲሆን አያስገድዱ። ለስላሳ ኩርባ በጋም (GAM) ሞዴል ያውጡ፤ ለኩርባው ነፃነት (ምን ያህል መታጠፍ እንደሚችል ለሚወስነው ቁጥር) ከዓመታቱ ብዛት 0.3 እጥፍ ያህል ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ30 ዓመት 9።
5. የመተማመኛ ክልሉን በቡትስትራፕ (መረጃውን ደጋግሞ በዕጣ እያወጡ እንደገና በማስላት) ያስሉ። እንደገና በዕጣ የሚወጣው ቦታው ከነዓመታቱ ነው እንጂ ነጠላ መስመር አይደለም።
6. ከየመኖሪያ ምድቡ የተወሰደው ድርሻ ከምድቡ ስፋት ጋር ካልተመጣጠነ ክብደት ይስጡ።

በርቀት እርከን ላይ ተመሥርቶ የመገኘት ዕድልን ማስላት የሚፈልግ ሰው ለእግር መስመር ቢያንስ ከ60 እስከ 80፣ ለነጥብ ደግሞ ከ75 እስከ 100 ምዝገባ ያስፈልገዋል። ከዚያ በታች ከሆነ ዓመታትን አንድ ላይ አድርጎ አንድ የመገኘት ኩርባ ማውጣት ይቻላል፤ ያኔ ግን ዕድሉ በዓመታቱ ውስጥ አልተለወጠም ብለው እየገመቱ መሆኑን ይጻፉት።

ሞዴሉ እምቢ ሲል

- ስሌቱ ካልተቋጨ፦ በሁሉም ዓመት ዜሮ የሆኑ ቦታዎችን ይፈልጉ። በዚህ ዓይነት ሞዴል ስለ አዝማሚያው የሚጨምሩት የለም፤ ከስሌቱ (ከመረጃ ቋቱ ሳይሆን) ያውጧቸው።
- አንድ ዓመት ብቻ የመተማመኛ ክልሉ በጣም ከሰፋ፦ በዚያ ዓመት የተቆጠሩት ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ዓመቱን መነሻ አያድርጉት።
- አንድ ቦታ ሲወጣ አዝማሚያው ከተገለበጠ፦ ውጤቱ የዚያ ቦታ እንጂ የአካባቢው አይደለም። ቦታዎችን አንድ በአንድ እያወጡ ደግመው ያስሉ።

ደረጃ 7፦ የመነሻውን ዓመት ይፈትኑ

በብሪታንያ ዋይትስሮት የተባለችው ዘማሪ ወፍ ከ1968 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከሦስት አራተኛ በላይ ቀንሳለች። ምክንያቱ መራቢያዋ ላይ አልነበረም፤ ከሰሃራ በታች ባለው የሳህል ቀጠና፣ ከመራቢያ ወቅት ውጭ በምትቆይበት ቦታ፣ ድርቅ ነበር። መዝገቡን ከ1968 የጀመረ ሰው አስደንጋጭ ውድቀት ያያል፤ ከ1969 የጀመረ ሰው ደግሞ ያ ውድቀት መኖሩን እንኳ አያይም። ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥር ይዘው የተሳሳተ ታሪክ ይናገራሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓመታት እየቀነሱ ደግመው ያስሉ። አቅጣጫው ከተለወጠ አንድ ነጠላ አኃዝ አያውጡ፤ ኩርባውን ሙሉውን ያሳዩ።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን በትክክለኛ ስሙ ይጥሩ

የዓመት ማባዣውን (ቁጥሩ በየዓመቱ በስንት እንደሚባዛ፤ 1.00 ለውጥ የለም ማለት ነው) ከ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ጋር ይያዙ። የትሪም አመዳደብ እንዲህ ነው፦

- የላይኛው ወሰን ከ0.95 በታች፦ ከባድ መቀነስ
- የላይኛው ወሰን በ0.95 እና በ1.00 መካከል፦ መካከለኛ መቀነስ
- ክልሉ 1.00ን ይዞ ከ0.95–1.05 ካልወጣ፦ የተረጋጋ
- ክልሉ 1.00ን ይዞ ከዚያ ከሰፋ፦ ያልተረጋገጠ
- የታችኛው ወሰን በ1.00 እና በ1.05 መካከል፦ መካከለኛ መጨመር
- የታችኛው ወሰን ከ1.05 በላይ፦ ከባድ መጨመር

«ያልተረጋገጠ» የሆነውን «የተረጋጋ» ብለው አይጻፉ። የመጀመሪያው አላወቅንም ማለት ነው፣ ሁለተኛው አልተለወጠም ማለት ነው። «የተረጋጋ» የሚለውም ቢሆን ለረጅም ጊዜ መዝገብ ልል ነው ባይ ነኝ፦ የታችኛው ወሰን 0.97 ከሆነ በ30 ዓመት ከወፉ 40 በመቶ ብቻ የመቅረት ዕድልን አላስቀረም። የዓመት መጠኑን ሁልጊዜ በጠቅላላው ጊዜ ያባዙት። በዓመት 2 በመቶ መቀነስ ትንሽ ይመስላል፤ በ30 ዓመት ግን 45 በመቶ ያህል ይወስዳል። መጠኑ ይባዛል እንጂ አይደመርም፤ 2 በ30 ተባዝቶ 60 በመቶ አይባልም።

አካባቢዎችንም ለየብቻ ያስሉ። ዊሎ ዋርብለር የተባለችው ወፍ በደቡብ እንግሊዝ ስትቀንስ በስኮትላንድ አልቀነሰችም። ሁለቱን በአንድ አማካይ መቀላቀል የትኛውንም ቦታ የማይገልጽ አኃዝ ያወጣል።

ደረጃ 9፦ ምክንያቱን በጥንቃቄ ይፈልጉ

አዝማሚያ ብቻውን ምክንያት አይናገርም። ስደተኛ ወፍ በመራቢያው፣ በመንገዱና በማረፊያው (እዚህ ላይ፣ ከመራቢያ ወቅት ውጭ በሚቆይበት ቦታ) ሊሞት ይችላል። ለመለየት ሁለት ተጨማሪ ልኬቶች ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም የሚገኙት ወፍ በመረብ ይዞ ቀለበት በማሰር ነው። ይህ ፈቃድና የረጅም ጊዜ ሥልጠና የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ያልሠለጠነ ሰው አይሞክረው።

1. የዓመቱን ጫጩቶች ከጎልማሶቹ ጋር ያነጻጽሩ። ድርሻቸው ከወረደ ችግሩ መራባት ላይ ነው።
2. ቀለበት ያላቸው ጎልማሶች በቀጣዩ ዓመት ስንቱ እንደተመለሱ ያስሉ። መመለሱ ከወረደ ጥርጣሬው ወደ ጉዞውና ወደ ማረፊያው ያዘነብላል። ያልተመለሰ ሁሉ ግን አልሞተም፤ ቦታ የቀየረም አለ።

መረቡ በየዓመቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ርዝመት፣ ለዚያው ሰዓት ይዘርጋ። አንድ መረብ መጨመር እንኳ ንጽጽሩን ይሰብራል።

የዝናብ ወይም የሙቀት መረጃ ከወፉ ቁጥር ጋር ሲያገናኙ መጀመሪያ ከሁለቱም ላይ የረጅም ጊዜውን ዝንባሌ ያንሱ፤ ከዚያ የቀረውን የዓመት ከፍና ዝቅ ብቻ ያወዳድሩ። ለዓመታት ቁልቁል የሚሄዱ ሁለት ነገሮች ምንም ዝምድና ሳይኖራቸው ጠንካራ ቁርኝት ያሳያሉ። የማረፊያውን ዝናብ ከቀጣዩ የመራቢያ ወቅት ቆጠራ ጋር ያጣምሩ፤ ከዚያው የቀን መቁጠሪያ ዓመት ጋር በጭፍን ካጣመሩት ዝናቡ ወፎቹ ከተቆጠሩ በኋላ የዘነበው ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 10፦ ለሚቀጥለው ሰው ያስቀምጡ

የሜዳ ቅጾቹን ፎቶ አንስተው፣ ጥሬውን ሠንጠረዥ፣ የእርማት ዝርዝሩን፣ የሞዴሉን ኮድና የፕሮግራሙን ስሪት ቁጥር አንድ ላይ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያኑሩ። ሠንጠረዡ በየትኛውም ፕሮግራም በሚከፈት የጽሑፍ ዓይነት ይሁን። የየነጥቡ መጋጠሚያ፣ ከነጥቡ በአራቱም አቅጣጫ የተነሳ ፎቶና የአቆጣጠር ደንቡ ከነለውጦቹ ቀን አብረው ይቀመጡ፤ ከ20 ዓመት በኋላ ነጥቡን የሚፈልገው ሰው እርስዎን ሊጠይቅ አይችልም።